«ፎቶዬስ?»

«ማንሳቱንማ ታነሳለህ። እኔ የጠየቅኩህ መስጠቱን ነው!»

ይህን ያሉኝ የአክስቴ ጎረቤት ናቸው። ቦታው ጎብዬ ነው፤ ጊዜው ጥር 2015 ዓ.ም.። እኔ ደግሞ አንገቴ ላይ ካሜራ፣ ትከሻዬ ላይ ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ፣ ልቤ ውስጥ «አርቲስት» የሚል ማዕረግ አንጠልጥዬ ከአዲስ አበባ የመጣሁ የፎቶግራፍ ተማሪ ነበርኩ። «እንዴታ! እሰጣለሁ እንጂ እማማ!» አልኳቸው ፈጠን ብዬ። አንባቢ ልብ ይበል፤ እንዲህ ፈጠን ብሎ ቃል የሚገባ ሰው ብዙ ጊዜ ነገሩን አላሰበበትም።

ነገሩን ከሥሩ ልጀምረው። የጋዜጠኝነት ዲፕሎማ ይዤ ለዚህም ለዚያም መጽሔት እየጻፍኩ የምኖር፣ የሠላሳዎቹን ዕድሜ ያጋመስኩ ሰው ነኝ። ብዕር ብቻውን የቤት ኪራይ አልችልም ቢለኝ፣ «ጽሑፍህን በራስህ ፎቶ ብታጅበው እኮ ክፍያው ሁለት ይሆናል» ያለኝን ወዳጄን ሰምቼ በአንድ የማታ ትምህርት ቤት ፎቶግራፍ ለመማር ተመዘገብኩ። ክፍያው ሁለት አልሆነም። ፎቶግራፉ ግን ያዘኝ። የትምህርቱ መዝጊያ ዐውደ ርዕይ ነበርና እያንዳንዳችን አሥር አሥር ምስለ ገጽ፣ ማለትም የሰው ፊት ዋና ነገር የሆነባቸው ፎቶግራፎች እንድናቀርብ ታዘዝን። አንዱ ጓደኛችን የመርካቶ ተሸካሚዎችን ያዘ፤ አንዷ የሠፈሯን ጡረተኞች። እኔ «ጎብዬ» አልኩ። የተወለድኩባት፣ በአሥራ ሁለት ዓመቴ የተለየኋት ከተማ ናት።

ጎብዬን የማታውቁ አትፈሩ፤ ብዙ ሰው አያውቃትም። ከወልድያ ወደ ቆቦ የሚሄድ መንገደኛ ሮቢት ሳይደርስ በመኪና መስኮት አይቷት ያልፋል። በምሥራቅ የዞብል ተራሮች ተደርድረዋል፤ በምዕራብ ወደ ጊዳን ደጋ የሚያወጣው ተራራ ቆሟል፤ መሐል ላይ የራያ ሜዳ ተዘርግቷል። ሜዳው ሲፈቅድለት ማሽላ ነው። ደጋሊቱ፣ ጅጉርቲው ከሰው ቁመት በላይ ይቆምና ወፍ ጠባቂው ልጅ ማማው ላይ ወንጭፉን ሲያጮኽ ይውላል። ሳይፈቅድለት ደግሞ አቧራ ነው። በጥቅምት 2013 በዚህ ሜዳ ላይ የአንበጣ መንጋ ወረደ፤ ዓመት ሳይሞላው ጦርነቱ ደረሰ፤ በነሐሴ 2014 ውጊያው እንደገና አገረሸ። እኔ የሄድኩት በጥቅምት 2015 የፕሪቶሪያው ስምምነት ተፈርሞ መንገዱ ከተከፈተ ከጥቂት ወራት በኋላ ነው።

ልንገራችሁ አይደል፤ ስሄድ ምን ይዤ እንደምመለስ ቀድሜ አውቅ ነበር። ያዘነ ፊት።

* * *

እስቲ ዓይናችሁን ጨፍኑና «የወሎ ሰው ፎቶግራፍ» በሉ። ምን መጣላችሁ? እንደኔ ከሆናችሁ የከሳ ፊት፣ የተቀዳደደ ጋቢ፣ ዝንብ የወረረው ሕፃን ነው። ለዚህም ምክንያት አለው።

በጥቅምት 1966 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ በወሎ ረሃብ ላይ የሠራው ፊልም በብሪታንያ ቴሌቪዥን ታየ። ለኛ የታየን ዓመት ገደማ ቆይቶ ነው፤ በ1967 ዓ.ም. የዘመን መለወጫ ዕለት፣ ከቤተ መንግሥት ግብዣ ጋር እየተቀላቀለ። በማግሥቱ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ወረዱ። ዐሥር ዓመት አለፈና ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. ኬንያዊው የካሜራ ሰው ሞሐመድ አሚንና የቢቢሲው ማይክል በርክ ከኮረም ያመጡት ዘገባ ለዓለም ተሠራጨ። ብራዚላዊው ፎቶግራፍ አንሺ ሰባስቲያኦ ሳልጋዶም በዚያው ዘመን ኮረም ነበር። በሐምሌ 1977 በለንደንና በፊላደልፊያ የተካሄደው «ላይቭ ኤይድ» የተሰኘው ታላቅ የሙዚቃ ዝግጅት የነዚያ ምስሎች ልጅ ነው። ምስሎቹ እህል አመጡ፤ ሰው አተረፉ። ይህን መካድ ነውር ነው።

ግን እስቲ ከነዚያ ሁሉ ፊቶች የስንቱን ስም እናውቃለን? በካናዳ ቴሌቪዥን ስትሞት የታየችውና ሳትሞት የቀረችው የትግራይዋ ብርሃን ወልዱ በ1997 ዓ.ም. ለንደን ላይ በተዘጋጀው «ላይቭ ኤይት» መድረክ ላይ በስሟ ተጠርታ ቆማለች። እሷን ዓለም አወቃት። ሌሎቹስ? ኮረም ማለት ከቆቦ በስተሰሜን፣ ከአላማጣ በላይ ተራራው ራስ ላይ ያለች ከተማ ናት። ከኛም ቆላ እህል ፍለጋ ወደዚያ የወጣ ብዙ ነው።

ጎብዬ በደረስኩ ማግሥት ቡና ተፈልቶ ሳለ ይህንን ሁሉ ለአክስቴ እተርክላት ጀመር። የተማሪ ነገር፤ ትናንት የሰማውን ዛሬ ሊያስተምር ይነሳል። አክስቴ ሲኒውን እያጠበች ዝም ብላ ሰማችኝና፣

«እኔም እኮ ኮረም ነበርኩ» አለችኝ።

ይህን ያህል ዘመን አንድ ቀን ነግራኝ አታውቅም። ያን ጊዜ ዐሥራ አምስት ዓመቷ ነበር። ከአያቴ ጋር በእግራቸው ነው የወጡት።

«አንድ ፈረንጅ አንስቶኝ ነበር» አለች። «አገጬን እንዲህ በእጁ ቀና አደረገና አነሳኝ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ሄደ። ፎቶዬን ያመጣልኛል ብዬ ወደ ቆላ እስክንወርድ ድረስ ስጠብቅ ነበር። ልጅ ነኝ እኮ!»

ሳቀች። እኔም አብሬ ለመሳቅ ሞከርኩ። አክስቴ የልጅነት ፎቶ የላትም። መጀመሪያ በእጇ የገባው ፎቶ ካገባች በኋላ ለቀበሌ መታወቂያ የተነሳችው ጉርድ ነው። ምናልባት የዐሥራ አምስት ዓመት ፊቷ ዛሬ የሆነ አገር፣ የሆነ መሳቢያ ውስጥ ተቀምጦ ይሆናል፤ ከጀርባው የአገሩ ስምና ዓመተ ምሕረቱ ብቻ ተጽፎበት። የእሷ ስም እንደማይኖርበት ግን እወራረዳለሁ፤ ማንም አልጠየቃትምና።

ጎረቤታችን «መስጠቱን ነው የጠየቅኩህ» ያሉኝ በዚያው ቡና ላይ ነው።

* * *

አሁን ስለ ሥራው ጥቂት ልበል፤ ፎቶ ማንሳት ቁልፍ መጫን ብቻ ለሚመስለው ሰው።

ካሜራ ሞኝ መሣሪያ ነው። ብርሃን ሲለካ የዓለም መልክ ሁሉ መካከለኛ ግራጫ ይመስለዋል። ጠይም ሰው በራያ የቀትር ሰማይ ፊት ብታቆሙለት፣ በሰማዩ ንጣት ይደናገጥና ብርሃኑን ይቀንሳል፤ የሰውየው ፊት ከሰል ይሆናል። ጥፋቱ የጠይሙ ሰው አይደለም። ድሮ በፊልሙ ዘመን ደግሞ ነገሩ ይብስ ነበር። ኮዳክ የቀለም ፎቶ አጣቢዎች ቀለማቸውን እንዲያስተካክሉበት የሚልከው ናሙና የአንዲት ነጭ ሴት ፎቶ ነበር፤ «ሺርሊ» ይሏታል። የእሷ ፊት ካማረ ሥራው አምሯል ማለት ነው። ጥቁሩ ቀለም እንዲሻሻል ከገፋፉት ቅሬታዎች አንዱ፣ ሳቁ እንግዲህ፣ «ቸኮላታችንና የእንጨት ዕቃችን በፎቶ አልለይ አለ» ያሉት ነጋዴዎች ያቀረቡት ነው!

መድኃኒቱ ግን ቀላል ነው፤ ጥላና ነጭ ጋቢ። ሰውየውን ጥላ ውስጥ ታስቀምጡታላችሁ፤ አንድ ልጅ በጎን ጋቢ ዘርግቶ ይቆማል፤ ከጋቢው የተመለሰው ብርሃን ፊቱን ያበራዋል። ጠይም ቆዳ ያን ጊዜ ወርቅም፣ መዳብም፣ ሰማያዊም አለው።

ለመጋረጃ የአክስቴን ባለ አበባ አልጋ ልብስ ግቢዋ አጥር ላይ ሰቀልኩ። ይህን የተማርኩት ከሴይዱ ኬይታ ነው። ኬይታ በ1948 እ.ኤ.አ. ማሊ፣ ባማኮ ውስጥ ፎቶ ቤት የከፈተ ሰው ነው። የመጀመሪያ መጋረጃው የገዛ አልጋ ልብሱ ነበር። ለደንበኞቹ ኮትና ክራባት፣ የእጅ ሰዓት፣ ሬዲዮ፣ ሞተር ብስክሌት ሳይቀር ያውሳቸዋል፤ ሰው የሌለውን ይዞ፣ መሆን የሚፈልገውን መስሎ ይነሳል። መምህራችን የኬይታን ሥራዎች ሲያሳዩን «ይህ ትልቅ ጥበብ ነው» አሉን። እኔም ማስታወሻዬ ላይ «አልጋ ልብስ» ብዬ ጻፍኩ። ዋናውን ነገር ግን ሳልጽፍ ቀረሁ። እሱን በኋላ እመጣበታለሁ።

ሥራው ሊጀመር ነው ሲባል ጎብዬ ሰርግ ሆነች። «ነገ ፎቶ አለ» ከተባለበት ሰዓት ጀምሮ ሴቶቹ ሹሩባ ሲሠሩ አመሹ። ለጋ ቅቤ ያልተቀባ ራስ አልነበረም። (ለሙያ ባልደረቦቼ፤ ቅቤ ያለው ፀጉር ብርሃን ይመልሳል፤ መለኪያችሁን ተጠንቀቁ።) ወጣቶቹ ጎፈሬያቸውን አበጥረው፣ ሚዷቸውን ሰክተው፣ ሽርጣቸውን አስረው፣ ሽመላቸውን ይዘው መጡ። አንዲት ባለ ትዳር አንገቷ ላይ ድሪ አድርጋ ተነሳች። ቀጥላ የመጣችው ሴትም ያንኑ ድሪ አድርጋለች። ሦስተኛዋም! «የሰው ወርቅ አያደምቅ» የሚለው ተረት ጎብዬ አልደረሰም ማለት ነው። አድምቋቸዋል። እኔ የባማኮው ሰው ለደንበኞቹ ሲያደርግ የነበረውን እነሱ ሳያውቁት እርስ በርስ እያደረጉት ነበር።

የቸገረኝ ሌላ ነገር ነው። መምህራችን «ሰውየው ካሜራውን እስኪረሳው ጠብቁ፤ ተፈጥሯዊ ይሁን» ይሉናል። የጎብዬ ሰው ካሜራውን ሊረሳ አይፈቅድም። ሽማግሌው ከወንበሩ ጫፍ ላይ ቀጥ ብለው ይቀመጣሉ፤ ሁለት እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ ያደርጋሉ፤ ትንፋሻቸውን ይይዛሉ። «ዘና ይበሉ አባቴ» እላለሁ። ይብሳሉ። አንድ ነጭ ቆብ ያጠለቁ አባት ገና ሳልናገር ቆባቸውን አወለቁ።

«ምነው?»

«ለመታወቂያ አውልቅ ይሉን የለ?»

«ይሄ ለመታወቂያ አይደለም።»

«ታዲያ ለምንድን ነው?»

ለዐውደ ርዕይ መሆኑን ላስረዳ ሞከርኩ፤ አዲስ አበባ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ሰው ሁሉ እንደሚያየው። አሰቡና ቆባቸውን መልሰው አጠለቁ፤ ነጠላቸውን አስተካከሉ፤ «ሰው ሁሉ የሚያየውማ ከሆነ» አሉና ከቅድሙ ይበልጥ ቀጥ አሉ። ያን ጊዜ ተናድጄ ነበር። ዛሬ ሳስበው ግን ቀጥ ማለታቸው መደንገጥ አይደለም። እንግዳ ሲመጣ ከመደብ ይነሳ የለ? ያ ነው።

በአምስት ቀን አርባ ሦስት ሰው አነሳሁ።

* * *

ጎረቤታችን የመጡት በአራተኛው ቀን ነው። ንጹሕ ነጠላ፣ ጥልፍ ቀሚስ፣ አንገታቸው ላይ ማተብ። ተቀመጡ፤ ቀጥ አሉ፤ አነሳኋቸው። ሲነሱም ከመቀነታቸው ጫፍ አንዲት የተቋጠረች ላስቲክ ፈትተው ሰጡኝ። ውስጧ ሦስት በአራት የሆነች ጉርድ ፎቶ አለች። ወጣት ናት የተነሳባት፤ ልጃቸው። በጦርነቱ ነው ያለፈው።

«ይህችን አሳድግልኝ» አሉኝ። «ለቅሶው ላይ የምታቀፍ ፎቶ አልነበረችኝም። እጄ ባዶ ነበር።»

ይህን ወግ የምታውቁት ነው። እናት የልጇን ፎቶ ደረቷ ላይ አቅፋ ታለቅሳለች። ፎቶው ለዐይን ብቻ ሳይሆን ለክንድም ነው። ጉርዷ አንድ ጥግ ላይ ውሃ ነክቷታል፤ የማኅተም ጠርዝ ጉንጩ ላይ አርፏል። ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ በካሜራዬ ገለበጥኳት። ሁለት ደቂቃ አልፈጀብኝም። እውነቱን ልናገር፤ «ከሥራዬ አስተጓጎሉኝ» ብያለሁ በልቤ። ጥበብ ልሠራ ነዋ የመጣሁት!

ከሰዓት በኋላ በአጥሩ ክፍተት ወደ ግቢያቸው አየሁ። ነጠላቸውን አውልቀው፣ የቤት ቀሚሳቸውን ለብሰው፣ ጥይት ከበሳሳው ግድግዳ ሥር ተቀምጠዋል። ጉርዷ መዳፋቸው ላይ ናት። ፀሐይዋ ወደ ምዕራቡ ተራራ አዘንብላ ነበርና ብርሃኑ በጎን ገብቶ የግድግዳውን ቀዳዳ ሁሉ፣ የፊታቸውን መስመር ሁሉ አንድ በአንድ አውጥቶታል። ረጅሙን ሌንስ ቀይሬ በአጥሩ መሐል ሰባት ጊዜ አነሳሁ። ድምፁን ሰምተው ቀና አሉ።

«ምን እያነሳህ ነው?»

«ብርሃኑን እየሞከርኩ ነው እማማ» አልኩ።

ዋሸሁ።

* * *

የቀረውን በአጭሩ ልንገራችሁ። አዲስ አበባ ተመልሼ ፎቶዎቼን ለመምህሮቼ ሳሳይ ቀጥ ብለው የተቀመጡትን አንድ በአንድ አለፏቸው። ግድግዳ ሥር ያሉትን እናት ሲያዩ ግን ዝም አሉ። «ይሄ ነው!» አሉ በመጨረሻ። ከዐሥሩ ሥራዎቼ በትልቁ የታተመው እሱ ሆነ። በሚያዝያ ዐውደ ርዕዩ ሲከፈት መግቢያው ፊት ለፊት ተሰቀለ። የተሰበሰበው ሰው ቆሞ አየ፤ አንዲት ሴት አለቀሰች። አንድ ደህና የለበሰ ሰው ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ «ወሎ ማለት ይሄ ነው!» አለኝ። ሌላው ዋጋ ጠየቀኝ።

አልዋሽም፤ ደስ ብሎኝ ነበር። እንደዚያ ዕለት ራሴን ትልቅ አድርጌ አላውቅም። «ወሎ ማለት ይሄ ነው» የሚለው ቃል ግን እቤቴ ድረስ ተከተለኝ። ከጥይት ግድግዳ ሥር ከመቀመጣቸው ከሁለት ሰዓት በፊት እኚያው ሴት ጥልፍ ቀሚስ ለብሰው፣ ቀና ብለው አልጋ ልብሱ ፊት ተቀምጠው ነበር። ያስ ወሎ አልነበረም? ያን ፎቶ ማን አየው? ኮምፒውተሬ ውስጥ ነው ያለው።

ስለ ሴይዱ ኬይታ ሳልጽፍ የቀረሁትን ነገር ያስታወስኩት ያን ሌሊት ነው። የባማኮ ሰዎች ኬይታ ዘንድ የሄዱት ጥበብ ለማገዝ አልነበረም። ከፍለው ተነስተው፣ የፖስታ ካርድ የምታህል ፎቷቸውን ይዘው ወደ ቤታቸው ሄዱ። ኬይታ ጋ የቀረው ኔጋቲቩ ነው። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ፓሪስ ላይ ግድግዳ በሚያህል መጠን ታትሞ ዓለም ጥበብ ነው ያለው ያንኑ ነው። ባለቤቱ መጀመሪያ ድርሻውን ወስዷል፤ ዓለም በኋላ ደረሰ። እኛ ቆላ የሆነው ተገላቢጦሽ ነው። ዓለም ቀድሞ ወሰደ፤ ባለቤቱ እስካሁን ይጠብቃል። እኔም የአክስቴን ታሪክ በጆሮዬ ሰምቼ፣ አዝኜ፣ በሦስተኛው ቀን ያንኑ ደገምኩት።

ሌላም ነገር ትዝ አለኝ። ሠዓሊነት ተምሮ ወደ ፎቶግራፍ የዞረው የኛው ሚካኤል ፀጋዬ አዲስ አበባ ውስጥ መካነ መቃብር ላይ የተለጠፉ፣ ፀሐይና ዝናብ የበላቸው የሟቾች ፎቶዎችን መልሶ አንስቶ ትልቅ ሥራ አድርጎታል። በ2018 እ.ኤ.አ. መጽሐፍ ሆኖ የወጣው «ቪንቴጅ አዲስ አበባ» ደግሞ ከየቤተሰቡ አልበም የተሰበሰቡ አሮጌ ፎቶዎች ነው፤ እዚያ ውስጥ ቀጥ ብሎ ያልተቀመጠ፣ ክት ልብሱን ያልለበሰ ሰው ማግኘት ከባድ ነው። እኔ «ከሥራዬ አስተጓጎለችኝ» ያልኳት ጉርድ፣ መምህራችን ያለፏቸው ቀጥ ያሉ ሽማግሌዎች፣ እነዚህ ሰዎች ጥበብ ያሉት ነገር ናቸው።

* * *

በሰኔ 2015 አርባ ሦስት ፖስታ ይዤ ጎብዬ ገባሁ። የሕትመቱ ገንዘብ ከየት እንደመጣ አትጠይቁኝ፤ ረጅሙን ሌንስ ሸጫለሁ። ለነገሩ ከዚያ ወዲህ ላየው አልፈለግኩም።

ያን ቀን ብታዩ! ባለ ቆቡ አባት ፎቷቸውን በሁለት እጃቸው ተቀብለው ለረጅም ጊዜ ካዩ በኋላ «ወንድሜን መስያለሁ» አሉ። ድሪዋን የተዋዋሱት ሦስት ሴቶች ሦስቱን ፎቶ ጎን ለጎን ደርድረው «ለማን ነው ያማረባት?» እያሉ ሲከራከሩ መሸ። አክስቴ የራሷን ከመስታወቱ ጎን ሰካችው።

ለጎረቤታችን ሦስት ፎቶ ነበር የያዝኩት። መጀመሪያ የልጃቸውን ሰጠኋቸው። ማኅተሙን ከጉንጩ ላይ አጥፍቼ፣ ውሃ የነካውን ጥግ አስተካክዬ፣ በክንድ የሚታቀፍ አድርጌ ነው ያሳተምኩት። ምንም አላሉም። ሳሙት፤ ደረታቸው ላይ አደረጉት። ትንሽ ቆይቼ የራሳቸውን፣ ጥልፍ ቀሚሱን የለበሱበትን ሰጠኋቸው። ፈገግ አሉ። ሦስተኛውን ፖስታ ባልሰጣቸው እወድ ነበር። ግን አንድ ጊዜ ዋሽቻቸዋለሁ።

አወጡት። ራቅ አድርገው አዩት፤ አቀረቡት።

«ይህችን መቼ ነው?»

«ያን ዕለት። ብርሃን ልሞክር ነው ያልኳችሁ ጊዜ።»

«አንቱ» ስላቸው የኖርኩ ሰውዬ፣ ከድንጋጤዬ የተነሳ «ያልኳችሁ» ብዬ ብዙ ሰው አደረግኳቸው።

«ሰው አየው?»

«አየው፤ ብዙ ሰው።»

«በዚህ መልኬ?»

መልስ አልነበረኝም። ፎቶውን መደቡ ላይ በፊቱ ደፉት። ከዚያም በዝግታ፣ እንደሚመክር ሰው፣ «ብትነግረኝ እኮ ነጠላዬን እለብስ ነበር» አሉኝ።

ሌላ አልጨመሩም። ቁጣ ብጠብቅ ይሻለኝ ነበር። ቆየት ብለው የልጃቸውን ፎቶ እንደታቀፉ «ይሁን፤ ይህችን ሰጥተኸኛል» አሉና መረቁኝ። የተደፋውን ፎቶ ይዤ ወጣሁ። ከዚያ ወዲህ የትም አልሰቀልኩትም። «ሽጥልኝ» ላለኝም ሰው የለም ብያለሁ። እዚህ መጽሔት ላይም ከጽሑፌ ጋር ያላያችሁት ስለዚህ ነው።

«ታዲያ ያዘነ ሰው አይነሳ ማለትህ ነው?» የሚለኝ አይጠፋም። አላልኩም። ኀዘንም የሰው ፊት ነው፤ በ1966ና በ1977 ካሜራ ባይኖር ኖሮ ስንቱ ተደብቆ ይቀር እንደነበር እናውቃለን። እኔ ግን የተጣደፈ እርዳታ የምጠራ ጋዜጠኛ አልነበርኩም። ጊዜ ነበረኝ፤ አጥሩን ዞሬ በበሩ መግባት፣ «እማማ፣ እንዲህ እንዳሉ ላንሳዎት?» ማለት እችል ነበር። ምናልባት እሺ ይሉ ነበር። ነጠላቸውን ለብሰው፣ ጉርዷን ይዘው፣ ግድግዳው ሥር ቀጥ ብለው ይቀመጡ ነበር። ያ ፎቶ ደግሞ ከኔው ይበልጥ ነበር ብዬ አምናለሁ። አሁን የለም።

በዚያው ሰኔ፣ ጥር ላይ ያላገኘኋቸውና «እኛስ?» ያሉኝን ዐሥራ አንድ ሰዎች አንስቼ «ለመስከረም አመጣለሁ» ብዬ ተመለስኩ። ሐምሌ መጨረሻ ላይ በክልሉ ግጭት ተነሳ። መንገዱ አንዴ ሲከፈት አንዴ ሲዘጋ፣ ኢንተርኔቱም ለወራት ተቋርጦ፣ መስከረሙ አለፈ። ወልድያ ድረስ በሄደ ሰው እጅ ሰባቱን ፖስታ አድርሻለሁ። በስልክ ልላክላችሁ ብል «በስልክ የታየ ግድግዳ ላይ አይሰቀል» አሉኝ፤ እውነታቸውን ነው።

አራቱ ፖስታዎች መጽሐፍ መደርደሪያዬ ላይ ናቸው። በእያንዳንዱ ላይ ስም ጽፌበታለሁ። መስመር በተገኘ ቁጥር አክስቴ ትደውላለች። ጤናዬን ትጠይቃለች፤ ዝናቡን፣ የማሽላውን ነገር ትነግረኛለች። ከዚያ ከአጠገቧ የሆነ ሰው ስልኩን ይነጥቃትና ሰላምታም ሳያስቀድም ይጠይቀኛል፤

«ፎቶዬስ?»